«አማርኛ አትሰማም እንዴ?»

ናሽናል ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከፊቴ ስልሳ ምናምን መኪና ተሰልፏል፣ ዝናቡ በረራውን አዘግይቶታል፣ ስለዚህ የዛሬው ረዘም ይላል። የቸኮለ ይለፈው፣ አልቀየምም።

ሰሞኑን ሁላችሁም የምታወሩትን እኔም ላውራ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማርች 1 ቀን 2025 በፈረሙት ትእዛዝ እንግሊዝኛ የአሜሪካ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆኗል። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) በዚያው ወረቀት ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ያወጡት ትእዛዝ ተሽሯል። የክሊንተኑ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አገልግሎታቸውን የሚያደርሱበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ፣ ከእነሱ ገንዘብ የሚቀበሉትም እንደዚያው እንዲያደርጉ የሚል ነበር።

እዚሁ መጠበቂያው ላይ ወሬው ሲነሳ አንዱ ወንድማችን የቡና ብርጭቆውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠና «ጎሽ! ይማሩዋ! እኛስ ተምረን አይደል?» አለ። ብዙው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚህ አገር የመጀመሪያውን እንጀራዬን የበላሁት እንግሊዝኛ በማይችሉ ሰዎች ምክንያት ነው።

አዎ። አብዛኞቻችሁ በታክሲ ብቻ ነው የምታውቁኝ። ከታክሲ በፊት እዚሁ ቨርጂንያ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ «የቋንቋ ረዳት» ነበርኩ። አገር ቤት ረዳት ማለት የሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ የሚጣራው ነው። ስለዚህ በረዳትነት ጀምሬ ሹፌር ሆኛለሁ፣ እድገቱ በደንቡ ነው።

በ2009 ሐምሌ ላይ ነው በዲቪ የመጣሁት። ደብረ ብርሃን ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ዘጠኝ ዓመት! ሰዋስው ከኔ ወዲያ ላሣር ነበር። ደለስ ኤርፖርት ስደርስ የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ጠየቀኝ። እናቴ የቋጠረችልኝን ሽሮ እያሳየሁ፣ አንድ ስህተት በሌለው ዓረፍተ ነገር «ኢት ኢዝ ኤ ፓውደር» አልኩት። ዱቄት ማለቴ ነበር። ሰውዬው ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ጓንቱን አጠለቀና ወደ ጎን ወሰደኝ። አርባ ደቂቃ። ካልሲዬ ሳይቀር ተፈተሸ። ውጭ ሲጠብቀኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያኔ ነበር ነገሩ ሊገባኝ የሚገባው፤ ቃሉ ልክ ነበር፣ የገባው ነገር ግን ሌላ። አልገባኝም። ገና ሌላ ሰው ማስከፈል ነበረብኝ።

ሥራውን ያገኘችልኝ የአክስቴ ልጅ ሚስት ናት። ማስታወቂያው አማርኛና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይላል። አመለከትኩ፣ ኢንተርቪው ገባሁ፣ ተቀጠርኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሌላው ዲቪ የደረሰው ሁሉ ፓርኪንግና ሰቨን ኢለቨን ሲገባ እኔ ከረባቴን አስሬ ትምህርት ቤት! የመጀመሪያው ቀን ጸሐፊዋ ወረቀቴን ተቀበለችና «ዩ አር ኦል ሴት» አለችኝ። ጨርሰሃል፣ መሄድ ትችላለህ ማለቷ ነው። እኔ «ሲት» ነው የሰማሁት፤ ተቀመጥ ያለችኝ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ቀና እያለች ታየኛለች፣ ፈገግ እላለሁ፣ ፈገግ ትላለች። የእንግሊዝኛ መምህር፣ ዘጠኝ ዓመት።

ሥራው ግን ደስ ይል ነበር። ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጎን እቀመጣለሁ፣ መምህሯ የምትለውን በለሆሳስ አቀብላለሁ፤ ወላጅ ሲመጣ ቢሮ እጠራለሁ። ሰው ያልተፈጠረ ችግር ያወራል ትላላችሁ እንጂ በየቀኑ አንድ ጉድ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ በሩጫ ጠራችኝ። በእጇ የክትባት ካርድ ይዛለች። «ይሄ ልጅ ሳይወለድ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው የተከተበው» አለችኝ። ልጁ በፓስፖርቱ ጃንዋሪ 2001 ተወልዷል፣ ካርዱ ላይ ግን ክትባቱ 1993 ይላል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በኛው ዓመተ ምሕረት ነዋ የጻፈችው! ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ለወጥናቸው። የኩፍኙ ብቻ አልተረፈም። እኛ አገር በዘጠኝ ወር ነው የሚሰጠው፣ እዚህ ከአንድ ዓመት በፊት የተሰጠውን አይቆጥሩትም፤ ልጁ እንደገና ተወጋ። ሲወጋ ያየኝ አስተያየት ትዝ ይለኛል። እኔን ነበር የሚከሰው።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነበር። «ስምንት ሰዓት ኑ» ብለው የጻፉላት እናት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ በኛ ስምንት ነዋ። በእንግሊዝኛ «ቀረች» ተብሎ ይመዘገብባታል። ስሙም እንዲሁ፤ የልጁ የአባት ስም ከእናትየው የአባት ስም ስለማይገጥም ጸሐፊዋ «እውነት እናቱ ናት?» ብላ በጆሮዬ ጠይቃኛለች። ደግሞ ያቺ «ዩ» የምትባል ቃል! ፈረንጁ ለሁሉም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኔ በየዓረፍተ ነገሩ መወሰን አለብኝ፤ አንተ ልበል፣ አንቺ ልበል፣ እርስዎ ልበል? መምህሯ ለእናት የምትናገረውን ሁሉ «እርስዎ» እያልኩ አሳምሬ ሳቀብል እናቶች «እንዴት ያለች ትሁት ፈረንጅ ናት» ይሉ ነበር። ያ ትሕትና የኔ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ የክትባቱ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ስምንት ዓመቱ። ዝም ያለ ልጅ። መምህሯ ስትቆጣው መሬት መሬት ያያል፣ እንዳሳደጉት። እሷ «ስናገርህ ዓይኔን እየኝ» ትለዋለች፣ እሱ ይብስ ያቀረቅራል። እናቱ ቀን ሆቴል ታጸዳለች፣ ማታ ደግሞ ቢሮ ታጸዳለች። አባት አገር ቤት ነው፣ ፕሮሰሱ አላለቀለትም።

ልጁ ሌላ ልጅ መታ። ማስታወሻ ወደ ቤት ተላከ። እንደገና መታ፣ ሁለተኛ ማስታወሻ ተላከ። ሁለቱንም ለእናቱ ያነበበላት ማን ይመስላችኋል? ራሱ ነዋ! «መምህሯ ጎበዝ ነው ብላለች፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ አስፈረማት። እናት ደስ ብሏት ፈርማለች። ለዚህ ነው ልጅ አስተርጓሚ አይሁን የሚባለው፤ ሰው ሲያወራው ግን ሁልጊዜ ልጁ ስለሚጨነቅ ነው ይላል፣ ልጁ ስለሚዋሽም ነው።

ሦስተኛው ላይ ስብሰባ ተጠራ። ጠባብ ክፍል ነው፣ ክብ ጠረጴዛ። ርዕሰ መምህሯ፣ የክፍል መምህሯ፣ የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ ካውንስለሩ፣ እናት፣ እኔ። እናት ከአንዱ ሥራ ወጥታ ወደ ሌላው ልትሄድ መሀል ላይ ነው የመጣችው፣ የሆቴሉን ዩኒፎርም አላወለቀችም። «ልጄን ሊሸልሙት ነው?» አለችኝ በር ላይ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሊሸልሙት ነው ብላ ነው የመጣችው።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁለት ቀን ስልጠና ሰጥተውን ነበር። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የተባለውን እንዳለ አቀብል። ደግሞም «እሷ እንዲህ ትላለች» አይባልም፤ በእሷ ሆነህ «እኔ» ብለህ ነው የምትናገረው። እኔ ደግሞ መመሪያ ሲሰጠኝ ለነፍሴ ነው የምይዘው።

መምህሯ መናገር ጀመረች። የመጀመሪያውን ምት ተረጎምኩ፣ እናት ፊቷ ተለዋወጠ። ሁለተኛውን ተረጎምኩ። የተላኩትን ማስታወሻዎች፣ ፊርማዋን ጭምር፣ ጠረጴዛው ላይ አደረጉላት። ያኔ ነገሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ገባት፤ ልጇ እንዳታለላት፣ ፈረንጆቹ ሁሉ አውቃ ዝም ያለች እንደመሰላቸው። እጇን በእጇ መታች። «ቤት ይግባ ብቻ! እገለዋለሁ! ቆዳውን ነው የምገፈው!» አለች።

እናንተ ይሄን ስታነቡ ምን ሰማችሁ? አንዲት የተዋረደች እናት ሰማችሁ። እኔንም እናቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትገድለኝ ነበር፤ ይኸው አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ይሄን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

እኔ ግን ከረባቴን አስተካከልኩና በዚያ በደብረ ብርሃን እንግሊዝኛዬ፣ በ«እኔ»፣ «አይ ዊል ኪል ሂም። አይ ዊል ስኪን ሂም» አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ካውንስለሩ እስክሪብቶውን አነሳ። እናት እነሱ ለምን ዝም እንዳሉ ስላልገባት ወደኔ ዞራ «ምን አሉ?» አለችኝ። ምንም አላሉም። ምን ልተርጉምላት?

እዚያች ላይ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ይቅርታ፣ ይሄ በቋንቋችን የንዴት አነጋገር ነው፣ ማንም እናት ትለዋለች» ማለት። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። አትጨምር ተብያለሁ። ሥራ ከገባሁ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። እውነቱን ከነገርኳችሁ ደግሞ አክሰንቴን ፈራሁ፤ የሰው ቃል ማቀበል አንድ ነገር ነው፣ ራሴ ተነስቼ ለአራት ፈረንጅ ማስረዳት ሌላ። ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ካውንስለሩን ተከትዬ ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ግን በቨርጂንያ ሕግ መምህርና የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሕፃን ይጎዳል ብሎ ከጠረጠረ ማመልከት ግዴታው ነው። እሱ አይፈረድበትም። የሰማውን ነው የሰማው፣ ያሰማሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማታ ሁለት ሰዎች ቤቷ ሄዱ። እናት የማታ ሥራዋን ቀርታ ጠበቀቻቸው። የልጁን ሸሚዝ አስወልቀው ጀርባውን አዩ። ፍሪጅ ከፈቱ። ልጁን ለብቻው ክፍል አስገብተው ጠየቁት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ ድምፅ ብቻ። ምንም አላገኙም፣ ምንም አልነበረማ። ከሳምንታት በኋላ መዝገቡ ተዘጋ የሚል ደብዳቤ መጣ፣ በእንግሊዝኛ። ያንን ደብዳቤ ለማስነበብ ነው እንደገና ወደኔ የመጣችው። እስከዚያ ድረስ በየሌሊቱ ልጄን ይወስዱብኛል እያለች አልተኛችም። አነበብኩላት፣ ነጻ ነሽ አልኳት። አጥፋ መለሰችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። አልጮኸችም። «አንተ አማርኛ አትሰማም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ያን ሰሞን የስልጠናውን ደብተር አውጥቼ አገላበጥኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፤ የተተረጎመው ቃል የተናጋሪውን ሐሳብ ሊያሳስት ይችላል ብለህ ካሰብክ፣ ውይይቱን አስቁመህ «አስተርጓሚው ማብራሪያ መስጠት ይፈልጋል» በል። ጽፌዋለሁ። ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ከመመሪያው ውስጥ ቀላሉን ብቻ ነው የያዝኩት።

ሥራውን የተውኩት በዚህ አይደለም፣ እንዲያ ብል ጀግና እመስላለሁ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደመወዙም አብሮ ስለተዘጋ ነው። ሁለት ዓመት ታግሼ ታክሲ ፈቃድ አወጣሁ። ደግሞ በሁለቱ ዓመት ውስጥ «አስተርጓሚው ማብራሪያ መስጠት ይፈልጋል» ስል ኖሬአለሁ፤ መምህራኑ እስኪሰለቻቸው ድረስ። አንዷማ ስታየኝ ቀድማ እስክሪብቶዋን ታስቀምጥ ነበር።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ቡና ልመለስ። ይማሩ ላልከው፣ ማን አልማርም አለ? ያቺ ሴት በቀን ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፤ የምትማረው በየትኛው ሰዓት ነው፣ በፈረንጁ ነው በሐበሻው? አንተስ የመጀመሪያውን ዓመት ሐኪም ቤት ስትሄድ ማን አብሮህ ሄደ? እኔ አውቃለሁ ማን እንደሄደ፣ ስሙን አልጠራም እንጂ።

ደግሞ ሰው እንዳይደናገጥ ይሄን ልንገራችሁ፤ በየቡድኑ «አስተርጓሚ ቀረ» እየተባለ የሚወራው ልክ አይደለም። አዲሱ ትእዛዝ ራሱ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲያቆሙ አላስገድድም ይላል። መቀነስ ይችላሉ፣ ያ ያሰጋል፣ እኔንም ያሰጋኛል። ግን በ1964 የወጣው የሲቪል መብት ሕግ በፊርማ የሚሻር አይደለም፤ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ወላጆች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው የረቱት በዚያ ሕግ ነው፤ ልጅ የማይገባው ቋንቋ ፊት ማስቀመጥ ማስተማር አይደለም ተብሎ ተፈረደ። ወንዙን ተሻግራችሁ ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ በ2004 የወጣ የራሳችሁ ሕግ አላችሁ፤ አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛና ከሌሎቹ ጎን የሚሠራበት ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት ስትሄዱ «አማሪክ፣ ኢንተርፕሪተር» በሉ፣ ሁለት ቃል ናት። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አትውሰዱት።

ካገኛችሁት አስተርጓሚ ጋርም እንዲህ አድርጉ፤ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ አውሩት። ከየት ነህ፣ መቼ መጣህ በሉት። ከረባቱን በጣም ካጠበቀ ተጠንቀቁ።

ሴትዮዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘኋት። በ2012 አሌክሳንድሪያ አንድ ለቅሶ ቤት። እሷ ከሴቶቹ ጋር ቡና ታቀርባለች፣ ባሏም መጥቷል፣ ደህና ሰው። ሲኒ ይዛልኝ ስትመጣ ተነሳሁና በሰው መሀል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ያን ጊዜ ስለሆነው ይቅር በዪኝ» አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ይችው ብቻ ወጣች።

«እኔስ ድሮ ትቼዋለሁ» አለች። «ልጁ ነው እንጂ። እስካሁን በር ሲንኳኳ ከበሩ በፊት እኔን ነው የሚያየኝ።»

ሲኒውን ተቀበልኩ። ሄደች፣ ለሌሎቹም አደለች፣ ተመልሳ መጣች።

«አሁን ምን ትሠራለህ?»

«ታክሲ እነዳለሁ።»

ትንሽ አሰበችና፣ «እሱ ይሻልሃል» አለችኝ።

መስመሩ ተንቀሳቀሰ፣ ልሂድ።